በግራ እጅ የሚማሰል ሾርባ

የፋብሪካው ሠራተኞች ምግብ አብሳያቸውን «እትዬ ጭልፋ» ይሏታል። ምሳ ሰዓት ላይ ጭልፋዋን በድስቱ አፍ ላይ ኳ ካላደረገች ማንም አይሰለፍም። የምስር ሾርባዋን የቀመሰ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ሲላት «ኧረ ምኑ ተሠራና» ትላለች፤ ያን ቀን ግን ፊቷ በርቶ ይውላል። ምን ይደረግ፣ ሰው ሲያመሰግኑት ይወዳል።

አንድ ነገሯ ለየት ይላል፤ ግራኝ ሳትሆን የምታማስለው በግራ እጇ ነው። የሟች እህቷን ልጅ ስታሳድግ፣ ልጅቷ ገና በቅጡ መራመድ ሳትችል የፈላ ድስት ጎትታ በላይዋ ልትደፋው ስትል፣ አክስት ቀኝ ክንዷን ሰደደች። ልጅቷ ላይ ጠብታ አልደረሰም። የአክስት ክንድ ግን ከዚያ ወዲህ ከባድ ማማሰያ አይገፋም። ልጅቷ አድጋ ስለ ጠባሳው ስትጠይቃት፣ እንዳይከፋት ብላ «አንቺ ሳትወለጂ የሆነ ነው» አለቻት። ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ልጅቷ ስልክ ከእጇ የማይለይ ቆንጆ ወጣት ሆነች። አንድ እሑድ መጥታ «አክስቴ፣ ሾርባውን ስትሠሪ ልቅረጽሽ። ለራሴ ነው፣ እንዳልረሳው» አለች። አክስት ደስ ብሏት አዲሱን ሽርጥ አሰረች። ሽንኩርቱ መቼ እንደሚበቃው፣ ሎሚው ለምን ከእሳት ከወረደ በኋላ እንደሚጨመቅ፣ ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ዘከዘከችላት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን የፋብሪካው መካኒክ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳያት።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ሾርባሽን ሳትሰርቅሽ አልቀረችም።»

የእህቷ ልጅ ናት። ተኳኩላ፣ ባማረ ማድ ቤት ቆማ፣ «የራሴ ፈጠራ ነው» ትላለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። ከዚያ ማማሰያውን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና «ዋናው ሚስጥር ይህ ነው» አለች። መካኒኩ ሲስቅ አክስትም አብራው ሳቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድባ ይወጣላት ነበር። ጡት ከማጥባት በቀር ምንም ያላጓደለችባት ልጅ ስትክዳት ምን ይባላል? በማግስቱ ሾርባው ጨው በዛበት፤ ደፍሮ የነገራት የለም።

እሑድ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ መጥታ ማድ ቤት ገባች።

«ለራሴ ነው አላልሽኝም?» አለች አክስት።

«አይ አክስቴ ደግሞ! ሰው የሚያየው እኮ ወጣት ሲሠራው ነው። አንቺን ባሳይ ማን ያየዋል?»

ይህን ስትል ክፋት እንኳ አልነበረባትም። ስልኳን እየነካካች ቀጠለች።

«ይልቅ ለምን በግራ እጅ እያሉ አስቸገሩኝ። ምን ልበላቸው?»

አክስት ማማሰያውን አስቀምጣ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። የፈላ ድስት በላይሽ ስትጎትቺ ይህ ክንድ ነው የገባልሽ» አለቻት። «እሱንም የራሴ ፈጠራ ነው በያቸው።»