ጋዙ የተኛበት ጠዋት

የጋዝ ምድጃ ሲለኮስ «ቡፍ» የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የስምንት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያን ዓመት እዚህ ሆላንድ ውስጥ የስሎተርቫርቱ ቤታችን የኪራይ ውል አልቆ፣ ስኪዳም ያገኘነው ቤት ደግሞ ገና እየታደሰ ስለነበር፣ አባዬ አልጋና ምድጃ ያላት መኪና፣ አሮጌ ካምፐር፣ ገዝቶ በእሷ ውስጥ እንኖር ነበር። እማዬ ዴን ሃግ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከብ ስለነበር ከከተማው ዳር፣ እንዲህ ያሉ መኪናዎች በሚቆሙበት ካምፒንግ እናድርና፣ ቅዳሜና እሑድ ደስ ወዳለን ቦታ እንነዳ ነበር።

በሙቀቱ ወራት ምድጃውና ማሞቂያው የሚሠሩበትን ጋዝ የሚቆጣጠረው አባዬ ነበር። ከመንገድ በፊት ሲሊንደሩን ይዘጋል፣ ስንደርስ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀብቶ እንዳያፈስ ያያል፤ ሙቅ ውሃ በሲሊንደሩ ጎን አፍስሶም በመዳፉ እየዳበሰ፣ ብረቱ መቀዝቀዝ የሚጀምርበትን ቦታ ሲያገኝ «ጋዙ እስከዚህ ድረስ አለ» ይለን ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ያ ሲሊንደር አለቀና ሌላ ሲሊንደር አመጣ። የመጀመሪያው ውርጭ በጣለ ጠዋት ግን ማሞቂያው ጠፋ፣ ምድጃውም አልለኮስ አለ። ሦስት ዓመት የሆነው ወንድሜ ናታን ሳል ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። አባዬ ሲሊንደሩን ቢያነሳው ሙሉ ነው፤ ሊያሞቀው ላይተር ይዞ ሲወጣ እማዬ እጁን ያዘችው።

«እሳት ልታቀርብለት ነው? ልጆቼን ልትጨርስብኝ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እማዬ ሄዳ የጎረቤታችንን የሜፍራው (የወይዘሮ) ኮሪን ተጎታች ቤት አንኳኳች። አሮጊቷ ሆላንዳዊት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡና፣ የሲሊንደሩን ጽሑፍ አንብበው በደችኛ የሆነ ነገር ተናገሩ።

«አባዬ፣ ይሄ ቡታን የሚባል ጋዝ ነው፣ በብርድ ይተኛል፣ አይወጣም አለች» ብዬ ተረጎምኩ። «ለብርድ ፕሮፓን ነው አለች።»

«አሉ በይ!» አለች እማዬ፣ በዚያ ጭንቀት መሃል።

ሜፍራው ኮሪ ትርፍ የፕሮፓን ሲሊንደራቸውን ሰጡን። ናታን ሞቆት፣ ወተቱን ጠጥቶ እማዬ እቅፍ ውስጥ ሲተኛ፣ አባዬ አንገቱን ደፍቶ «ጋዝ ሁሉ አንድ መስሎኝ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለን። አባቴ ይቅርታ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እማዬ ሻይ ቀድታለት አጠገቡ ተቀመጠች።

ብርዱ ሲያልፍ ስኪዳም ገባን።

ዛሬ ዴን ሃግ ያለው አፓርታማዬ የካምፐሯን ሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ስነካ ይሞቃል። ናታን መታመሙን የምሰማው ከዳነ በኋላ፣ በስልክ ነው። ያኔ አንዳችን ካሳልን አራታችንም እንነቃ ነበር።