ለእንግዳ መነሳት

ነገሌ ያለው ቤታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እናቴ ጉልበት ነው። ምንጣፉን አንስቻለሁ፣ የሚያንሸራትታትን ነጠላ ጫማም ጥያለሁ። እንግዳ ግን አይከለከልም። እጇ የወንበሩን መደገፊያ ሲፈልግ ባየሁ ቁጥር አያቴ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ ነበርኩ። ጡረታ የወጡት መምህር አያቴ ሲሚንቶው ወለል ላይ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ጎረቤታችን ኦቦ ጉዮ ከከብት ገበያ መጥቶ፣ አቧራና ከብት እየሸተተ፣ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ገባ። አያቴ ባነኑና «ኖር» ብለው ብድግ አሉ። ራሳቸውን አዞራቸው መሰለኝ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ፈለጉ፤ ሳይደርሱበት ወደቁ። ዳሌያቸው ሲሚንቶውን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ያባንነኛል።

ኦቦ ጉዮ ደግፎ እያነሳቸው፣ «አባባ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁ? አንቱ ለኔ ለምን ይነሳሉ?» አላቸው።

«ሰውን ተቀምጬ ከምቀበል ወድቄ ብቀበለው ይሻለኛል» አሉት።

ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። ለእንግዳ መነሳቱን ግን አልተዉም።

እናቴን «መጀመሪያ እግርሽን መሬት አስረግጪ፣ ትንሽ ቆይተሽ ቀስ ብለሽ ተነሺ» እላታለሁ። እሺ ትለኛለች። ይኸው፣ በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ናት፣ ወንፊት ልትዋስ የመጣች። እናቴ «ኖር» እያለች ተነስታለች። እኔም ሁለት እጆቼን ከጀርባዋ ዘርግቼ፣ ሳልነካት፣ ቆሜያለሁ።