እማ የረሳችው ክር

ባለፈው የገበያ ቀን እማ ስትመለስ ዘንቢሏን ተቀብዬ አራገፍኩት። ሽንኩርት አለ፣ በርበሬ አለ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ አለ፣ ለአባ ራዲዮ የባትሪ ድንጋይ አለ። እኔ ያላዘዝኩት ዘይቱን ሳይቀር ከታች ተቀምጦ ዘንቢሉን በሽታው ሞልቶታል። ደጋግሜ የነገርኳት ነጭ የዳንቴል ክር ግን የለም።

«እማ፣ ክሩስ?»

«ወይኔ! ረሳሁት» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሻሿን እየፈታች።

እማን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ይስቃል። እናቴ ነገር አትረሳም። የጎረቤት ላም የወለደችበትን ወር፣ ማን የማንን ወንፊት ተውሶ እንዳልመለሰ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ የዋሸኋትን ውሸት ሁሉ ታስታውሳለች። ረሳሁት ስትል የሰማኋት በዳንቴል ክር ብቻ ነው። እሱም ያኔ ነበር፣ ሐዋ እቤት ሳለች። እጄ ዘይቱኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሐዋ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ «እታለም» ነው የምላት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን አቁማ ቤት መዋል ከጀመረች ከርማለች። ፓስፖርቷ ወጥቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጂዳ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሰፈራችን ሴት ልጁ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ቤት ጥቂት ነው። መቼ የሚለውን ግን ማንም አያነሳውም። እኔ ያላወቅኩት፣ ኋላ የሰማሁት ነገር ነበር። ሐዋ ለእማ «የጀመርኩልሽን አልጋ ልብስ ሳልጨርስ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ቃል ገብታላታለች። አልጋ ልብሱ ያለቀ ዕለት ልጇ ትሄዳለች ማለት ነው፤ እማ ይህን ይዛ ነው የምትውለው።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ዘለላ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሥራ ሲቀል ሐዋ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ታነጥፍና እግሯን ዘርግታ ግድግዳውን ትደገፋለች። ኪሮሿን ታወጣለች። ከግቢያችን በታች ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል፤ ነፋስ ሲነሳ ውኃው ይሸበሸባል፣ የአባ የሽንኩርት ማሳ ሽታ እስከ በረንዳው ይመጣል። ሐዋ ሥራዋን አታይም። ዓይኗ ሐይቁ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ብቻ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ክሩን ይስባሉ። ከትንሿ ብረት ጫፍ ላይ አበባ ይወጣል። እንዲህ ያሉ ብዙ አበቦች ተገጣጥመው ነው አልጋ ልብስ የሚሆኑት።

አንድ ቀን «አስተምሪኝ» አልኳት።

«አንቺ ቀበጥባጣ፣ መቀመጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፣ ወላሂ!»

«ነይ እስኪ። ኧረ ክሩን እንደ በግ ገመድ አትጨብጪው! ጣትሽ ላይ ይንሸራተት፤ እንዲህ።»

የመጀመሪያው ሰንሰለቴ የታመመ ትል ይመስል ነበር። ሐዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ፈታችው፣ ክሩን መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ ብዙ ተፈታ፣ ብዙ ተሠራ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከእጄ ሙሉ አበባ ወጣ። ቅጠሎቹ እኩል ናቸው፣ መሃሉ ክብ ነው። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም ለመጻፍ ቃል ያጥረኛል። አንድ ክር ብቻ ነበር እኮ! ሳልቆርጠው፣ ሳልቀጥለው፣ እያጠማዘዝኩ አበባ አደረግኩት። ለአባ አሳየሁት፣ ለጎረቤት አሳየሁት፣ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። እማ በመዳፏ ላይ አድርጋ አየችውና «ማሻአላህ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ታዲያ አንቺ የምታጠኚው የለሽም?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆመኝ። ሐዋ አንድ አበባ ስትጨርስ እኔም አንድ ለመጨረስ እሽቀዳደማለሁ። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የተጠበሰ እሸት በቆሎ እንበላለን፤ ክሩ እንዳይቆሽሽ ጣታችንን በቀሚሳችን ጠርገን እንቀጥላለን። እሷ የሰፈሩን ሴቶች አነጋገር እየቀዳች ታስቀኛለች። አንዳንዴ ዝም ትልና ሥራውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሐይቁን ታያለች። እኔ ግን «እታለም፣ ቀጥይ እንጂ! ቀደምኩሽ» እላታለሁ።

ክር ማለቅ ሲጀምር እማ ከገበያ እንድታመጣ እንነግራታለን። ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ «ረሳሁት» ትላለች። በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ። እኔ ምን ቸገረኝ! እናቴ ረሳች ብዬ ሥራው ይቆማል? ጋሼ ይማም ሱቅ እሮጣለሁ።

«ደግሞ መጣሽ?» ይሉኛል ጋሼ ይማም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው። «የሐይቁን ዓሣ በሙሉ የሚያጠምድ መረብ ነው እንዴ የምትሠሩት?»

«አልጋ ልብስ ነው ጋሼ! ሊያልቅ ነው!»

ክሩን ደረቴ ላይ ለጥፌ እየሮጥኩ ስመለስ እማ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ክሩን ታየዋለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ገብታ እሳቷን ትቆሰቁሳለች።

አበቦቹ ሲሞሉ ሐዋ ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው። ለመገጣጠም ተራው የእሷ ነው፤ እኔ መገጣጠም አልችልም። ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። የሐዋ እጅ ጠበቅ ያለ ነው፤ አበቦቿ ድርቅ ብለው ይቆማሉ። የእኔ እጅ ላላ ያለ ነው። በመልክ አንድ ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የእኔዎቹ ሰፋ ብለው ተገኙ። ሲገጣጠሙ ጠርዙ ይኮማተራል፣ ይነፋል።

እማ ከቤት ወጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። የእኔን አበባ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሄ የልጅቱ ነው። ላልቷል። ተፈቶ ይሠራ።»

ሐዋ ቀና አለች። «እማ…»

«ምን እማ ትይኛለሽ? ተንሻፏል እኮ! የሷ ሁሉ ይፈታና በደንብ ይሠራ። ክረምት ቢገባስ፣ ማን አስቸኮለሽ?»

ሁሉም? ያን ሁሉ ከሰዓት የሠራሁት? ብድግ ብዬ «ከተፈታ ወላሂ ሁለተኛ ክር አልነካም!» ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መጣ። «እታለም፣ ንገሪያት! አንቺ አይደለሽ ጥሩ ነው ያልሽኝ?»

ሐዋ አንዴ እማን፣ አንዴ እኔን አየች። እማ እሷን አታይም ነበር፤ አበባዬን እያሻሸች እኔን ነው የምታየው። ዓይኗ ውስጥ ልመና እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ያኔ የታየኝ ግን ሥራዬን የናቀች እናት ናት።

«አብሽሪ» አለችኝ ሐዋ፣ ቀስ ብላ። «አይፈታም። ያንቺ እጅ እንዳለበት ይታወቅ።»

እማ እጇን ከአበባው ላይ አነሳች። «እንግዲህ ይሁን» ብላ ወደ ቤት ገባች። እኔ እንባዬን ጠርጌ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ሐዋ አጠገብ ተለጥፌ ተቀመጥኩ። የቀረው ሁሉ ተገጥሞ፣ ዘርፉ ዞሮለት እስኪያልቅ ድረስ ክር ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ካለቀ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አንድ ጠዋት ከአስፋልቱ ዳር ቆመን ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ሚኒባሱ እስኪርቅ እማ አላለቀሰችም። ቤት ስንመለስ አልጋው ላይ የተነጠፈውን ነጭ አልጋ ልብስ አነሳች፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ፓስፖርቱ የነበረበት ቦታ ላይ።

የሆነውን የሰማሁት ለዒድ ነው። አክስቴ ከአምባሰል መጥታ፣ አልጋ ልብሱ ለበዓሉ ወጥቶ ተነጥፎ፣ «የማን እጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ሻይ ይዤ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«ጠበቅ ያለው የሐዋ ነው፣ ላላ ያለው የትንሿ» አለች እማ። «ቀጠሮዋ ይሄ ነበር፤ ሳትጨርሰው ላትሄድ። ትንሿ አገዘቻት።»

ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። እሱ ነው የባሰብኝ። ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ።

ሐዋ መሄዷ አይቀርም ነበር፤ ይህን እማም ታውቃለች። ግን ስንት ከሰዓት በኋላ ይኖረን ነበር? ስንት ጊዜ ሐይቁን እያየች ዝም ስትል «ቀጥይ» ባልኳት ፋንታ ምን እንደምታስብ እጠይቃት ነበር? ኮንትራቷ አልቆ ሌላ ተፈራርማለች። በቪዲዮ ስትደውል ጣቶቿ በበረኪና ተሰነጣጥቀው ይታዩኛል። ኪሮሽ ትሠሪያለሽ ወይ ስላት «የሰው ቤት ውስጥ የምን መቀመጥ» ትለኛለች። እኔም መገጣጠሙን ሳታስተምረኝ ነው የሄደችው።

አሁን የራሴን የጠረጴዛ ልብስ ጀምሬያለሁ። እጄ ጠበቅ ብሏል። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ አንድ በአንድ ፓስፖርት ማውጣት ጀምረዋል። እማ «አንቺስ ትሄጃለሽ ወይ?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። ክር ብቻ ነው የረሳችው።

የጋሼ ይማም ሱቅ ያው ነው። ሮጬ ብመለስ እማ የምትጥደው ድስት ገና አይፈላም። ዘይቱኑን አጥቤ ቢላዋ አመጣሁና በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

«ነይ እማ፣ አብረን እንብላ» አልኳት።

«ክርሽስ?» አለች ከግድግዳው ሳትዞር።

«አብሽሪ። አልቸኩልም።»

ዞረች። ሻሿን በትከሻዋ ጥላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ እግሯን እንደ ሐዋ ዘረጋች። ሐይቁን እያየን ዘይቱን በላን።