አባቴ ውሃ በዜማ የለመነበት ዓመት

የሞቀ የሰሊጥ ዘይት ሽታ አንዳንድ ቀን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ሐረር ሸዋ በር አጠገብ የነበረው ቤታችን፣ የአባቴ መደብና በላዩ የተዘረጋው ቀኝ እጁ አብረው ይመጡብኛል።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ዜማ ያስተምር ነበርና የምንበላው በድምፁ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በሐምሌ አንድ ጠዋት ከማኅሌት ተመልሶ ጋቢውን ሊያወልቅ ሲል ደጃፉ ላይ ወደቀ። ስናነሳው ቀኝ ጎኑ ከድቶት፣ አፉም ተጣሞ፣ ለጠየቅነው ሁሉ «እሺ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣው አለ።

«ያምዎታል?» ትለዋለች እናቴ።

«እሺ።»

አንዱ ምች ነው፣ ሌላው ልክፍት ነው ሲል፣ እናቴ ጠበል ታስጠምቀው ጀመር። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ደግሞ ማለዳ ማለዳ እየመጡ፣ ዘይቱን አሙቀው እጅና እግሩን እያሹ፣ «ኢንሻአላህ ይነሳል። እጅ ካልሠራ ሥራውን ይረሳል፣ ዝም ብላችሁ አታስተኙት» ይሉን ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የደብሩ አለቃ መጥተው፣ «እስከ ጥምቀት እንጠብቃለን፤ ከዚያ ተማሪዎቹን ለሌላ መምህር መስጠታችን ነው» አሏት። እናቴም «እስከ ጥምቀት ይበቃናል» አለቻቸው፤ በምን ተማምና እንደሆነ አላውቅም።

በጥቅምት ነው፣ እናቴ ጤፍ እያበጠረች የጽጌን ዜማ ስታንጎራጉር አንዱ ቦታ ላይ ሳተችው። አባቴ ከመደቡ ላይ ተቀበላትና ቃሉን ሳያጎድል አስተካክሎ አዜመው። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

«እስቲ ይድገሙት» አለችው።

ደገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ውሃ ስጭኝ» የሚለውን በዜማ እያቀበለችው፣ እሱም እየተቀበለ፣ ውሃውንም ዳቦውንም «በሩን ዝጉ»ንም በዕዝልና በአራራይ ይለን ጀመር። እኛ ልጆቹ በሳቅ ስንፈርስ በተጣመመ አፉ አብሮን ይስቅ ነበር። ተማሪዎቹም ተመለሱ፤ ከእኛ ጋር ማውራት ሳይችል እነሱን ያስተምር ነበር።

ጥምቀት ሲደርስ መቋሚያውን በግራ እጁ ይዞ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ማንም ሳይደግፈው ታቦቱን ሸኘ፤ አለቃውም የሌላ መምህር ነገር ዳግመኛ አላነሱም። በዐቢይ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከግቢው «አስካለ!» ብሎ ጠራኝ፤ ያለ ዜማ። ሮጬ ሄጄ ምን እንደሚፈልግ ብጠይቀው፣ «ስምሽን ነው» አለኝ።

ቀኝ እጁ ከዚያ ወዲያ ብዕር አልጨበጠም፤ ድምፁ ግን እኔ እስክዳር ድረስ ተማሪ አላጣም።

ሐኪሞች ለበሽታው ስም እንዳላቸው፣ የሚያስተኙበትም ሆስፒታል እንዳለ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ አባቴ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሃምሳን አልፌ ሳሰላው፣ የወደቀ ጊዜ አርባ እንኳ አልሞላውም ነበር። እናቴም ዛሬ ትልቋ ልጄ ያለችበት ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ልጄን ሳያት ደግሞ ገና ሕፃን ናት።