የስኒው ቅቤ

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ባሌ ሳይሰማው ሞተ። የነፍስ አባቴም አልሰሙትም፤ በየጾሙ እየሄድኩ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያጓደልኩትን ስግደት ስዘረዝር ይህችን አንዷን ዘልያት እመለሳለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ የነፍስ አባቴ የእትዬ ዘነቡ ወንድም ናቸው። ምስጢር እንደማያወጡ አውቃለሁ። ግን ነግሬያቸው ስወጣ እህታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው «ብርቄ፣ ነይ ግቢ እንጂ» ቢሉኝ በምን ፊቴ ልገባ ነው?

ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ልናገር። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ሌላ ማንም አይደለም።

ቤታችን ከአሸተን ማርያም በታች፣ ላሊበላን ቁልቁል የሚያይ ተዳፋት ላይ ነው። የእኔንና የእትዬ ዘነቡን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። እኔ ዳልቻ የምትባል ላም ነበረችኝ፤ እሳቸው ደግሞ ቦራ ነበረቻቸው። ቦራ ዲቃላ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ግቷ ሞልቶ ሲወርድ መራመድ ያስቸግራት ነበር። ባል ለሞተባቸው ለእትዬ ዘነቡ የቤቱ ምሰሶ እሷ ነበረች ብል አላጋነንኩም።

ልጃቸው ምስጋናው ከሙጃ የሺ የምትባል ልጅ አገባ። እትዬ ዘነቡ «ልጄ ትዳር ይያዝልኝ እንጂ» ብለው የተሳሉት ስለት ነበራቸውና ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደው ሁለት ሱባኤ ሊይዙ ተነሱ። ቦራ አዲስ እጅ አትወድም፤ ትራገጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች። ሙሽራዋን ገና አልለመደቻትም። ምስጋናው ጎህ ሲቀድ ለግንበኝነት ሥራ ከተማ ይወርዳል። «ብርቄ፣ እጅሽን ታውቀዋለች፤ አደራሽን» አሉኝ እትዬ ዘነቡ። «ኧረ ምን ችግር አለ፣ እትዬ! በሰላም ይሂዱ» አልኳቸው።

ችግርማ ነበር። ዳልቻ ታማ ነበር።

ከአራቱ ጡቶቿ አንዱ ጠጥሯል። ግቷ ሲነካ ይፋጃል፤ ሳልባት መጀመሪያ የሚወጣው እንደ አይብ የተቆራረጠ ነው። የእንስሳት ሐኪሙን ከከተማ አምጥቼ አሳይቻት ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ መርፌ ወግቶልኝ፣ በጡቷ ቀዳዳ የሚገባ መድኃኒትም ሰጥቶኝ፣ እንደ ልጅ አስተምሮኝ ሄደ። «በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፣ እናቴ። በእጅዎ ከላም ወደ ላም ይተላለፋል። ጤነኛ ላም ካለችዎ እሷን አስቀድመው ይለቡ፣ የታመመችውን መጨረሻ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የታመመውን ወተት ይድፉት» አለኝ። ሌላ ላም የለኝም አልኩት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ወተት የሚቀበሉኝ ሰዎች ከሰሙ እንደሚርቁኝ ስለፈራሁ ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት።

እንግዲህ እትዬ ዘነቡ አደራ ሲሉኝ «ዳልቻ ታማለች፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ» ማለት ነበረብኝ። ይቺን ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አላልኩም።

እናቴ «የራስሽን ላም ሳታልቢ የሰው ላም ከነካሽ የቤትሽ በረከት ተከትሎሽ ይሄዳል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ መጀመሪያ ዳልቻን አልባለሁ። ከዚያ ካቡን ተሻግሬ ቦራን አልባለሁ። እኛ ስንልብ ጡቱ እንዳይሰነጠቅ ጣታችንን ቅቤ እናስነካለን። የእኔ ቅቤ ጆሮዋ በተሰበረ ስኒ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። በዚያች ስኒ፣ በእነዚያ ጣቶች የዳልቻን የታመመ ጡት አሸሁ፤ በዚያችው ስኒ፣ በእነዚያው ጣቶች የቦራን ጡት አሸሁ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ። ሐኪሙ የነገረኝ ትዝ አላለኝም? ብሎኛል እንጂ! በየጠዋቱ ካቡ ላይ ስወጣ ትዝ ይለኝ ነበር። ውሃው ከታች ከምንጭ በጀርባ የሚመጣ ነው፣ ለእጅ ማን ያባክናል እያልኩ አለፍኩት። አንድ ቀን ምን ያመጣል አልኩ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አልኩ።

ሱባኤው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት የሺ የቦራን ጥጃ ይዛልኝ ቆማ፣ ግቱን አየችና «ውይ እትዬ ብርቄ፣ ግቷ ሲያምር! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለች። እኛ ዘንድ ሰው የሰውን ከብት ሲያደንቅ እንትፍ እንትፍ ይላል፤ አለዚያ ዓይን ይበላዋል ይባላል። ልጅቷ ደስ ብሏት ረሳችው። «እንትፍ በይ እንጂ፣ አንቺ ከንቱ!» ብዬ ሳቅኩባት። እሷም አፏን ይዛ ሳቀች። ከሁለታችን በቀር የሰማ አልነበረም።

ይህን ባለች በሦስተኛው ቀን የቦራ ግት ጠጠረ። ጡቷን ስስበው ቢጫ ውሃ፣ ቀጥሎ እንደ አይብ የተቆራረጠው ወጣ። አወቅኩት። እንዴት አላውቀው? ከዳልቻ ሥር ተቀምጬ ስንት ቀን ያየሁት ነው። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘነቡ በማግስቱ ደረሱ። የጠበል ጀሪካናቸውን እንኳ ሳያወርዱ ጋጣ ገብተው «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ቦራዬ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ገባ፣ ብርቄ? ማን አያት?»

አሁን ስሙኝ። እኔ አልዋሸሁም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። «የሺ ብቻ ናት ያየቻት። ግቷ ሲያምር አለች፤ እንትፍ ማለት ረስታ» አልኩ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የሺም ስትጠየቅ «አዎ፣ ብያለሁ» አለች፤ ልጅቷ ውሸት አታውቅ! በእውነት ቃል ሰው መግደል እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

እትዬ ዘነቡ «ሐኪሙን ላስጠራው ይሆን?» አሉ። ሐኪሙ ከመጣ ዳልቻን ያስታውሳታል፤ ካቡን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ነገሩ አለቀ። «ኧረ እትዬ፣ ለዓይን መርፌ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ዳልቻን ያዳነ መርፌ ለቦራ እንዳይደርሳት የከለከልኩት እኔ ነኝ። ዳልቻ እኮ ያን ጊዜ ድና ነበር።

እትዬ ዘነቡ የሺን ጋጣ አስገብተው፣ የሠራችውን እንድትፈታ፣ እንትፍ በይባት አሏት። እንትፍ አለች። ድገሚ አሏት። አፏ ደርቆ ምራቅ እስክታጣ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ እንትፍ እንትፍ ስትል እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቆሜ አየኋት። ቦራ በሳምንቱ ወደቀች፤ አልተነሳችም።

ከዚያ ወዲያ የሺ ለዚያ ቤት መርዝ ሆነች። የጎረቤት ሴት ጥጃዋን ይዛ ስታልፍ የሺን ካየች በቀሚሷ ትከልለዋለች። ምስጋናው መጀመሪያ ተሟገተላት፤ በኋላ አብሯት መብላት ተወ። ሽማግሌ ተቀምጦ ጋብቻው ፈረሰ፣ አባቷ ሊወስዳት መጣ። ልትሄድ ስትል ካቡን ተሻግራ እኔ ዘንድ መጣች። «እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ያውቁኛል። ይንገሩኝ፣ የእኔ ዓይን ክፉ ነው?» አለችኝ። ስኒዋ መስኮቱ ላይ ነበረች። አይደለም ልጄ፣ የእኔ እጅ ነው ማለት ነበረብኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት።

እግዜርማ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ያኔ ያልተናገርኩትን ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ግን በሩ እየጠበበ ሄደ። ምስጋናው ሌላ አገባ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሦስት ወልዳለች፤ የመጀመሪያዋን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። የክርስትና ልጄ እማማ ትለኛለች፣ ጭኔ ላይ ትተኛለች። አሁን ተነስቼ የሺ ንጹሕ ነበረች ብል ይህን ቤት በምን ላቆመው ነው? እትዬ ዘነቡ ደግሞ አርጅተዋል፤ ለበዓል ከሚያወጡት ቅቤ ዛሬም ለእኔ ሳያካፍሉ አይበሉም፤ «የክፉ ቀን ጎረቤቴ» ይሉኛል። ያን ቅቤ እቀበላለሁ። ባልቀበል ለምን ይሉኛል፤ ብቀበል ያቺ ስኒ ትታየኛለች። ካቡን ስሻገር ያ ኃጢአት ነው፣ ቤቴ ስገባም እሱ ነው፤ የት ልሂድ?

የባሰውን ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ ላም ነክቼ አላውቅም፤ ጡቱንም በንጹሕ ጨርቅ አብሳለሁ። ይህን ያዩ የግብርና ሰዎች ምሳሌ አድርገው መረጡኝ። ሴቶቹን ግቢዬ ሰብስበው «እትዬ ብርቄ ያሳዩዋችሁ» ይላሉ። እኔም ቆሜ አሳያለሁ። «ጤነኛዋን አስቀድሙ፣ የታመመችውን መጨረሻ» እላለሁ። ያጨበጭቡልኛል። በየጭብጨባው ውስጥ የሺ እንትፍ ስትል እሰማለሁ።

ባለፈው በጋ ጊደር ልገዛ ሙጃ ገበያ ወጣሁ። ድንች ከሚሸጡት ሴቶች መካከል አየኋት። ከስታለች፣ ግን እሷ ናት። ልሸሽ ነበር። በዚያች ሰዓት አንድ ሰውዬ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ እየነዳ በመካከላችን መጣ። የሺ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጎትታ ፊቷን ከኋላዋ ወዳለው የሱቅ ግድግዳ አዞረች። ላሟ እስክታልፍ እንደዚያው ቆየች። ከጎኔ ያለችውን ሽንኩርት ሻጭ ምን ሆና ነው አልኳት። «ሁሌ እንዲህ ናት፤ የሰው ላም እንዳልጎዳ ትላለች። ላም ያለበት ቤት አልገባም ብላ ሳታገባ ቀረች» አለችኝ።

ላስታ ውስጥ ላም የሌለበት ቤት የት አለና!

አምናዋለች። ገባችሁ? የእኔን ክፋት እውነት ብላ አምናዋለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኗን እንደ ወንጀለኛ አስራው ኖራለች።

ነጠላዋን ስታወርድ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ብድግ ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «እትዬ ዘነቡ ሌላ ላም ያዙ?» አለችኝ መጀመሪያ። ያዙ አልኳት። «እሰይ! እሰይ!» አለች። ከዚያ እጄን፣ ይህንን እጄን፣ በሁለት እጇ ያዘችው። «እርስዎንም አስደንግጬዎታለሁ ያን ጊዜ። ይቅር ይበሉኝ። ለእትዬ ዘነቡም ይንገሩልኝ» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ? ገበያው መሐል ጮኼ እኔ ነኝ አልኩ? አፌ ተከፈተ። የወጣው ግን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው።

እኔ ይቅር አልኳት። እኔ! እሷም አልቅሳ፣ አመስግና፣ ከሸክሟ ቀለል ያላት መስላ ድንቿን ልትመዝን ተመለሰች።

ስለዚህ እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ብትሰጡኝም አልቀበልም። አላወቅኩም አልልም፣ አውቅ ነበር። ውሃ አልነበረኝም አልልም፣ ምንጩ ነበር። ይቅርታ የምጠይቃት አንዲት ሴት ሙጃ ገበያ ድንች ዘርግታ ተቀምጣለች፤ እኔ ይህን ሁሉ ለእናንተ ስናገር እንኳ ለእሷ ገና አልነገርኳትም።