ቀለሙ የቀረ ካሴት

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የቪዲዮ ማጫወቻ መግባት ሲጀምር ቤታ የሚባለውን ትንሹን ካሴት ቪኤችኤስ ወደሚባለው ትልቁ መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለቱን ማሽኖች በሽቦ አገናኛለሁ፤ አንዱ ሲያጫውት ሌላው ይቀዳል።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከከዚራ ሰፈር ካሴት በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ጅቡቲ የተቀረጸ የሴት ልጃቸው ሰርግ ነው። ወንድ ልጃቸው እዚያ ላይ ሲጨፍር ይታያል። ከሰርጉ በተመለሰ በወሩ መንገድ ላይ ታፍሶ ጦር ግንባር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። የቤታቸው ማጫወቻ ተበላሽቷል፤ ጎረቤታቸው ያለው ደግሞ ቪኤችኤስ ነው።

«ልጄን የማየው በዚህ ብቻ ነው። አቦ፣ ተጠንቀቅልኝ» አሉኝ።

ገለበጥኩት። ዋናውን ወደ ኋላ ሳጠነጥን ግን ማሽኑ ክሩን በላው። ሳወጣው ተጨማዶ ተበጣጥሷል። ቅጂው አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ አብሬያቸው ጎረቤት ቤት ሄድኩ። የቴሌቪዥኑ ቀለም ያማረ ነበር፤ ሰርጉ ግን አመድ መስሎ መጣ። ጅቡቲ የሚቀረጸው በፈረንሳዮቹ የቀለም ዘዴ ስለሆነ የኔ ማሽን ምስሉን ወስዶ ቀለሙን ትቶታል። የሱቄ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነውና ስገለብጥ አላየሁትም። ከልጁ ጎን ደግሞ በኔ ትንሽ ስክሪን ላይ ያላስተዋልኩት ደብዛዛ ሌላ እሱ አብሮት ይጨፍራል።

«ይሄ ከጎኑ ያለው ማነው?» አሉ እናት።

«ጥላ ነው፣ እናቴ። ሲገለበጥ የሚመጣ ነው።»

«ዋናውን ስጠኝ።»

መበላሸቱን ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። «ጥላው ተለይቶታል፤ ልጄ ሞቷል» ብለው ተነሱ። መርዶ ያመጣ ሰው ሳይኖር በዚያው ሳምንት ጥቁር ለበሱ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ የማሽን ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። ደርግ ከመውደቁ ጥቂት ወራት በፊት አረፉ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ አንድ ቀጭን ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመ። ፊቱን ካሴቱ ላይ አይቼዋለሁ። ሰላም ሲለኝ የያዝኩትን መፍቻ አስቀመጥኩ።

«እናቴ ጥቁር የለበሰችው አንተ በሠራኸው ካሴት ነው ይሉኛል» አለ።

«እውነት ነው» አልኩት።

«ካሴቱ ላይ ስታየኝ ምን አለች?» ሲል ጠየቀኝ።

ያሉትን ነገርኩት። ራሱን ነቅንቆ እጁን ዘረጋልኝ። የሙት እጅ መስሎኝ ከመጨበጤ በፊት ማመንታቴን አይቷል። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ያ ማመንታት ነው።