የዘውዱ ሩዝ

ዘውዱ የፎገራ ሰው ነው፤ በሩዝ ነገር ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። እዚህ ሳዑዲ፣ ከዳማድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው እርሻ፣ አሠሪያችን ከፊሉ ለሙከራ ሩዝ ሲዘራ ወረቀት የሌለውን ዘውዱን የቀጠረውም ለዚሁ እውቀቱ ነው። «ሩዙ ካፈራ መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የምህረት ጊዜ ሳያልቅ ኢቃማ አወጣልሃለሁ» አለው። ከዚያ ወዲያ ዘውዱ ሩዙን ሳይሆን ኢቃማውን፣ ያቺን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲኮተኩት ከረመ።

ውሃው ከከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ በቧንቧ ይመጣል። ከፋችና ዘጊው እኔ ዑመር ነኝ። ቧንቧውን የዘረጋው መሐንዲስ፣ «ውሃው ራሱ ማዳበሪያ ነው፤ ምንም አትጨምሩበት» ብሎን ነበር። ለዘውዱ ግን ማዳበሪያ ማለት ከጆንያ የሚወጣው ነጩ ነው። ቅጠሉ ትንሽ ገርጣ ሲልበት ለማሽላው ከተቀመጠው ዩሪያ በእፍኙ እየዘገነ በተነው።

«ተው እንጂ፣ መሐንዲሱ ምን አለ?» አልኩት።

«የፍሳሽ ውሃ ሩዝ ሲቀልብ የት አየህ? ወላሂ ዑመር፣ ዝም ብለህ ውሃህን ልቀቅ።»

ደክሞኝ ነበር። ለቀቅኩ።

የሩዙ አረንጓዴ ጠቆረ፤ ቁመቱም ከወገብ በላይ ሆነ። ከፊሉ በስልኩ እያነሳ ላገኘው ሁሉ አሳየ። ጥቅምት ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና ማሳውን አስተኛው። ዘለላው ሲታሽ ገለባ ብቻ ነው። ዘውዱ ሦስት ቀን ሙሉ የወደቀውን እያቀፈ በገመድ ሲያስር ዋለ። ከንቱ ልፋት መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን።

ከፊሉ መጥቶ አየ። «ኸላስ፣ በቃ! የገደለው ይሄ ቆሻሻ ውሃ ነው። ዑመር፣ ቧንቧውን ዝጋና አንተም ሌላ ከፊል ፈልግ» አለ።

አንዲት ቃል ብተነፍስ እኔ እተርፋለሁ፣ ዘውዱ ግን አለቀለት። ቧንቧውን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ውሃው አይደለም» አለ ዘውዱ። «እኔ ነኝ ዩሪያ የጨመርኩበት። ዑመር ተው ብሎኝ ነበር።»

ምህረቱ ባለቀ በሳምንቱ ከፊሉ ራሱ ፒክአፕ ላይ ጫነው፤ ጂዛን ወስዶ ወደ አገር የሚመለሱት የሚታጎሩበት እስር ቤት ሊያስረክበው። ዘውዱ ሲሳፈር ቧንቧውን በአገጩ አሳየኝና፣ «ምንም እንዳትጨምርበት» አለኝ።

በዓመቱ እንደገና ዘራን። ሩዙ ውሃውን ብቻ ጠጥቶ ፍሬው ከብዶት አጎነበሰ። ከፊሉ ደስ ብሎት አንድ ከረጢት ሰጠኝ። ቀቀልኩት። ጨው እንኳ አልጨመርኩበትም።